ከቀድሞ ተጫዋቾች ጋር ለእርዳታ ተጫወትን፤ ለሚቀጥለው ዙር ሐሳብ ስጡኝ

የከዚራ ልጅ

ሰላም ጀመዓ። ባለፈው እሁድ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ሜዳ ላይ የኛ ጤና ቡድን ከድሮ የክለብ ተጫዋቾች ጋር ተጋጥሞ ነበር። ጨዋታው ለገቢ ማሰባሰቢያ ነው። አብሯቸው ሲጫወት የኖረ ጓደኛቸው ኩላሊቱ ታሞ ዲያሊሲስ ላይ ነው። ዲያሊሲስ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፣ አንዱ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ወጪው ደግሞ ዛሬ ተከፍሎ ነገ የሚያልቅ አይደለም።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "እንዴት ነበር? አሁንም ይችላሉ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

ይችላሉ። በሩጫ እንበልጣቸዋለን፣ እሱ ግልጽ ነው። ከኛ ውስጥ ገና ሰላሳ ያልሞላቸው አሉ፣ ከነሱ ትንሹ ሃምሳን ያለፈ ነው። ግን ሩጫው ምንም አልጠቀመንም። እኔ እንድይዘው የተሰጠኝ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ የገባ አማካይ ነበር። ኳስ ወደሱ ከመድረሷ በፊት አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ዞር ብሎ ያያል። ኳሷ ስትደርስ እሱ ወስኖ ጨርሷል። ስጠጋው በአንድ ንክኪ ያቀብላል፣ ስርቀው ዞሮ ቀና ይላል። ከዚያ በኋላ ክንፍ ላይ ያለው ሰው ብቻውን ነው። በቴሌቪዥን ስታዩት ቀላል ይመስላል። አጠገቡ ቆማችሁ ስታዩት ግን ሰውዬው ካላችሁበት ሁለት እርምጃ ቀድሞ እንደሚያስብ በደንብ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ነገር ወሬያቸው ነው። እኛ ጤና ቡድን ውስጥ የምናውቀው ጩኸት አንድ ነው፣ "ስጠኝ!" እነሱ ግን ሳያቋርጡ ያወራሉ። "ሰው አለ"፣ "ብቻህን ነህ"፣ "መልስ"፣ "ጊዜ አለህ"። ኳስ የያዘው ሰው ጀርባው ላይ ዓይን አለው ማለት ነው፣ ምክንያቱም ዘጠኝ ሰው ያይለታል። ተከላካዮቹም እንደዚሁ። በአንዱ ድምፅ አራቱም አብረው ወደፊት ይወጣሉ፣ የኛ አጥቂ ጨዋታ ውጪ ሆኖ ይቀራል። አንዴ ሁለቴ አይደለም፣ አጥቂያችን እስኪናደድ ድረስ።

ሦስተኛውን ከሁሉም በላይ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ልጆቻችን ከአክብሮት የተነሳ ራቅ ብለው ቆሙ። ኳስ አይቀሙም፣ ያሳልፏቸዋል። ያ ጉልበቱን የጠቀለለው አማካይ መጥቶ ክንዴን ያዘኝና "ልጄ ተጫወት፣ እንድታዝኑልን አይደለም የመጣነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው ጨዋታ የሆነው። እንዲህ ያለ ዕድል ከገጠማችሁ በእውነት ተጫወቱ። ሙሉ ልባችሁን ይዛችሁ ግቡ። ለነሱ ክብሩ እዚያ ላይ ነው።

ሌላ ዙር እያሰብን ነው። ሜዳው፣ ሰዓቱ፣ ሕጉ፣ ገንዘቡ፣ ሁሉም ላይ ሐሳብ ስጡኝ። እንዲህ ያለ ጨዋታ የተጫወታችሁ ካላችሁ ደግሞ እናንተ ንገሩኝ።

እሙ ሀናን

ማሻአላህ! እኔ ከልጆቼ ጋር መጥቼ ነበር። አባቴ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነው የሠራው፣ እኛ በፋብሪካው የኳስ ክለብ በጥጥ ማኅበር ወሬ ነው ያደግነው። ልጆቼ "እማ እነዚህ ሽማግሌዎች እንዴት አይደክማቸውም?" ሲሉኝ ነበር። አንደኛው ግብ ጠባቂ ያቺን የማዕዘን ምት በአንድ እጁ ሲያወጣት አጠገቤ የነበሩ እናቶች ሁሉ ተነሥተው እልል አሉ። ለሚቀጥለው ጊዜ ሴቶች የምንቀመጥበት ጥላ ይኑር። ፀሐዩ ልጆቹን አቃጠላቸው።

ሳቢያን 7 ቁጥር

የከዚራ ልጅ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው ግን ሁሉንም አልተናገርክም። እኔም ሜዳው ዳር ነበርኩ። ከናንተ ውስጥ ሁለት ልጆች ለስልክ ካሜራ ነበር የሚጫወቱት። ስልሳ ዓመት የሞላውን ሰው በአብዶ አልፎ፣ መልሶ ጠብቆ፣ እንደገና ማለፍ ምን ይባላል? አንዱ ደግሞ በሸርተቴ ገባ። በሸርተቴ! ሰውዬው እግሩ ቢሰበር ማን ያሳክመው ነበር፣ ለሱም ሌላ ገቢ ማሰባሰቢያ ልናደርግ ነው? "በእውነት ተጫወቱ" ስትል ለነዚህ ልጆች ፈቃድ እየሰጠሃቸው ነው። እኔ በበኩሌ የእርዳታ ጨዋታ ዝግ ብሎ መካሄድ አለበት ባይ ነኝ።

የከዚራ ልጅ

ሳቢያን፣ ሸርተቴውን አይቻለሁ። ልጁ ወዲያው ተቀይሯል፣ ሰውዬውንም ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። በሚቀጥለው ዙር ሸርተቴ ሙሉ በሙሉ ክልክል ይሆናል፣ ዳኛውም ገና ሲጀመር ይናገራል።

ግን በእውነት መጫወትና ሰው ላይ መጫወት ለየብቻ ናቸው። ቦታህን ያዝ፣ ኳስ ስትጠፋ ተመለስ፣ ሰውህን አትልቀቅ፣ ኳስ ሲደርስህ ቶሎ አቀብል። ይሄ ሁሉ በእውነት መጫወት ነው፣ አንዱም ሰው አይጎዳም። አብዶውን ስላልከው፣ እነሱ ራሳቸው መልስ ሰጥተውበታል እኮ። ሦስተኛው ላይ ተከላካዩ ዝም ብሎ ቆሞ ጠበቀው፣ ኳሷ ከእግሩ ትንሽ ስትርቅ ወሰዳት፣ ሄደ። አልሮጠም።

የባቡር ልጅ

ልጆቼ፣ ይሄን ክር ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ ለገሀሬ ያደግሁ ነኝ፣ አባቴ ምድር ባቡር ነበር።

እናንተ ሜዳ ላይ ያያችሁት ዕውቀት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ይሄ ከተማ ኳስ የሚያውቅ ከተማ ነው። ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ያውም ደጋግሞ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ የብሔራዊ ቡድኑ አንበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፣ እሱም በጥጥ ማኅበር ማሊያ የተጫወተ ሰው ነው። ከዚያ 1968 ዓ.ም. መጣ። የአፍሪካ ዋንጫ እኛው አገር ሲዘጋጅ አንዱ ምድብ አዲስ አበባ፣ ሌላው ምድብ እዚሁ ድሬ ነበር። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር እዚህ ተጫውተዋል። አስቡት፣ ዛየር ማለት በጊዜው ዋንጫው በእጇ የነበረ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጀርመን ለዓለም ዋንጫ የሄደች አገር ናት። ሞሮኮ ደግሞ አህመድ ፋራስን ይዛ መጥታ ዋንጫውን ወስዳ ሄደች። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ አሸዋ ላይ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ራሱን ፋራስ ነኝ ይል ነበር።

ካነሳሁት አይቀር፣ በ1993 ዓ.ም. ለመብራት ኃይል በአንድ ዓመት 24 ጎል ያገባው ዮርዳኖስ ዓባይም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው።

ልቤን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። የያኔዎቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹ በቀን ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሰዓት ተጫዋች ነበሩ። ኳስ ስም ሰጣቸው እንጂ ጥሪት አልሰጣቸውም። ጉልበታቸው ሲደክም የሚጠይቃቸው የለም። ልጅ ሆነን ስማቸውን እየጠራን ስንጨፍርላቸው የነበሩ ሰዎች ዛሬ መድኃኒት መግዣ ሲያጡ ማየት ይከብዳል። እንግዲህ ይሄን ጨዋታ አጥብቃችሁ ያዙት። አንዴ ተደርጎ የሚተው አይሁን።

ደቻቱ ማዶ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚነግረን አጥተን ነው።

እኔ የምጠይቀው ስለ ገንዘቡ ነው። ቅር አይበላችሁ፣ በጎ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። መግቢያ ተከፍሏል፣ ማሊያ ተሽጧል፣ በቴሌብር የላከም አለ። ማን ያዘው? ስንት ሆነ? ለታማሚው በእጁ ተሰጠ ወይስ ለሕክምናው በቀጥታ ተከፈለ? ድሬ ውስጥ ሰው ይሰጣል። የ98ቱ ጎርፍ የወሰደብንን እናስታውሳለን፣ ያኔ ሰው ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የወጣው። ግን የሚሰጥ ሰው የሰጠው የት እንደደረሰ ማየት አለበት።

የከዚራ ልጅ

ደቻቱ፣ ቅር የሚል የለም፣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። ሦስት ሰው ነው የያዘው፤ አንድ ከኛ ቡድን፣ አንድ ከቀድሞ ተጫዋቾቹ፣ አንድ ከታማሚው ቤተሰብ። አካውንቱ የሦስቱም ፊርማ ይፈልጋል። ለሕክምናው በቀጥታ ነው የሚከፈለው፣ ደረሰኙ በቡድናችን የቴሌግራም ገጽ ይለጠፋል። የታማሚውን ስምና ፎቶ ግን አንለጥፍም። እሱ ራሱ ነው የጠየቀን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ።

ፊዚዮ ነኝ

ሙያዬ ስለሆነ ይሄን ክር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሳቢያን 7 ቁጥር የተናገረውን ጭንቀት እጋራለሁ፣ ግን ከሸርተቴ በላይ የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ እሁድ ዕለት ያሟሟቃችሁት አምስት ደቂቃ ብትሆን ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ያለ ሰው የተረከዙ ጅማት በአንድ ድንገተኛ ሩጫ ሊበጠስ ይችላል። ሰዎቹ ሲነግሩህ "አንድ ሰው ከኋላ የመታኝ መሰለኝ" ይሉሃል፣ ዞር ሲሉ ማንም የለም። እግሩን የሚያድነው ቀስ ብሎ መጀመር ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፤ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ አቅጣጫ እየቀየሩ መሮጥ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ፍጥነት። የጥንት ተጫዋቾቹ ይሄን ከናንተ በተሻለ ያውቁታል፣ እነሱን ተከተሉ።

ሁለተኛ፣ ልብ። ከ35 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ስፖርት እየሠሩ ድንገት ለሚደርስ ሞት ዋናው ምክንያት የልብ ደም ሥር መጥበብ ነው። ድሮ ኳስ መጫወት አይከላከልለትም። ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከጨዋታው በፊት ሐኪም ይየው። ሜዳ ላይ ደረቱን ያፈነው፣ ክንዱን ወይ መንጋጋውን የጠዘጠዘው፣ ያዞረው ሰው ወዲያው ይውጣ። "ይለቀኛል" ብሎ መቀጠል የለም። ሰው ወድቆ ካልተነፈሰ ውኃ አትድፉበት። አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ አንዱ ደረቱ መሐል ላይ በሁለት እጁ ይጫን፣ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር የሚሰምጥ ሆኖ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪመጣ ሳያቋርጥ። ከጨዋታው በፊት መጥቼ ለሁለቱም ቡድን በነፃ አሳያለሁ።

ሦስተኛ፣ ይሄ ድሬ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ገና ሙቀት አለ። ወይ ጠዋት 12 ሰዓት ጀምሩ፣ ወይ ወደ ማታ ግፉት። ግማሹ 45 ደቂቃ መሆን የለበትም፣ 25 ይበቃል፣ መሐል ላይ የውኃ እረፍት ይኑር።

አራተኛው ሰው የሚሸሸው ጉዳይ ነው። ጫት ቅሞ ሜዳ አይገባም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ድካምንና ጥማትን ይደብቃል። በሙቀት ላይ ሩጫ፣ በሩጫ ላይ ጫት፣ ያውም በሃምሳ ዓመት። ይሄን የምጽፈው ማንንም ለመንካት አይደለም፣ የጨዋታውን ቀን በሰላም እንድንጨርስ ነው።

እሙ ሀናን

ፊዚዮ፣ አላህ ይስጥህ። አራተኛውን አውጥተህ ስለተናገርክ በተለይ። ያን የደረት መጫን ለሴቶችም አሳየን፣ ቤት ውስጥ ሽማግሌ ያለን ብዙ ነን።

ጁገል በር

ከሐረር ነው የምጽፈው። እኛም በየእሁዱ እንጫወታለን፣ የድሮ ተጫዋቾችም አሉን፣ ግን እናንተ ያደረጋችሁት ዓይነት አላደረግንም። ለምን በጋራ አናደርገውም? ቀጣዩን እኛ ጋ ውጡ። ሐረር ቀዝቀዝ ይላል፣ ሙቀቱ ለሽማግሌዎቹ አይከብድም። አየሩ ግን ትንሽ ሳሳ ይላል፣ ከናንተ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ከፍ እንላለንና የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

ሌላው ሐሳቤ አሰላለፉን ነው። ጤና ቡድን በአንድ ወገን፣ የቀድሞዎቹ በሌላ ወገን ሲሆን ሰው የሚያየው ወጣት ከሽማግሌ ነው። ቀላቅሏቸው። ከየወገኑ አምስት የቀድሞ ተጫዋች፣ ስድስት ከኛ። ያን ጊዜ የከዚራ ልጅ ያለው ወሬ፣ "ሰው አለ፣ መልስ፣ ጊዜ አለህ" የሚሉት፣ ለኛ ነው የሚነገረን። አጠገባቸው ሆነን እንማራለን። ሳቢያን 7 ቁጥር የፈራው ሩጫም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን ሽማግሌ አለው።

ሳቢያን 7 ቁጥር

ጁገል በር፣ ይሄ ሐሳብ ይመቸኛል። ከተቀላቀለ እኔም እጫወታለሁ።

ቶሮንቶ ያለሁ የድሬ ልጅ

ወገን እንዴት ናችሁ! ናፍቆት ገደለኝ ይሄን ሳነብ። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሆኜ የማነበው ነው የመሰለኝ።

የጁገል በር ሐሳብ ትክክል ነው፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ ያውም በሌላ ስፖርት። እዚህ ካናዳ ዋናው ጨዋታ የበረዶ ሆኪ ነው። ልጄን ልምምድ ሳመላልስ እኔም በጎልማሳነቴ ተማርኩ። ባለፈው ክረምት የመሥሪያ ቤታችን ቡድን ለአልዛይመር ሕክምና ገንዘብ በሚሰበሰብበት ውድድር ገባ። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተራ ተጫዋች ከወዳጅ ዘመዱ ቃል የተገባለትን ገንዘብ ይሰበስባል። ብዙ የሰበሰበው ቡድን ከጡረታ ከወጡት ታዋቂ ተጫዋቾች መጀመሪያ ይመርጣል። ከዚያ ያ ታዋቂ ሰው ከናንተ ጋር፣ በናንተ ማሊያ ይጫወታል። ገንዘቡ ከሜዳ መግቢያ ብቻ አይመጣም ማለት ነው፣ ጨዋታው ሳይጀመር አብዛኛው ገብቷል። ይሄን ድሬ ላይ ሞክሩት። እድሩ፣ እቁቡ፣ የገበያው ማኅበርተኛ፣ ሁሉም የራሱን ቡድን ይዞ ይምጣ።

ሆኪን ለማታውቁት፣ በዱላ የሚመታ ነው፣ ገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። በሩሩ ፋንታ ጠፍጣፋ ደረቅ ጎማ ነው፣ 170 ግራም ገደማ ይመዝናል። በጠንካራ ምት ከተመታ ጥርስ ያወልቃል። ስለዚህ ተራ ሰውና ፕሮፌሽናል ሲቀላቀል በትከሻ መግጨት ክልክል ነው፣ ዱላውን ከፍ አድርጎ ሙሉ ኃይል መምታትም ክልክል ነው። እናንተ ሸርተቴን እንደከለከላችሁት። እነዚህ ሕጎች ጨዋታውን አላቀዘቀዙትም፣ እንዲያውም ኳስ ማቀበሉ በዛ።

የኛ ሰውዬ በዓለም ትልቁ ሊግ ለዓመታት የተጫወተ ነው፣ አሁን ሽበት ወርሶታል። ገና ሳንጀምር እኔን ጠርቶ "ዱላህን በረዶው ላይ አድርገህ ጎሉ አጠገብ ቁም፣ ሌላ ምንም አታድርግ" አለኝ። ቆምኩ። ሁለት ሰው ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰዳቸው፣ ዓይኑ ወደኔ እንኳን አልዞረም፣ ጎማው ግን በሰዎቹ እግር መሐል ሾልኮ መጥቶ ዱላዬ ላይ አረፈ። ነካሁት፣ ገባ። የከዚራ ልጅ "ቀድሞ ያስባል" ያለው ይሄው ነው። ስፖርቱ ተለየ እንጂ ሰዎቹ አንድ ናቸው።

ደቻቱ ማዶ

ቶሮንቶ፣ ግብ ጠባቂው ሆን ብሎ አሳልፎልህ ይሆን? ወይስ እነሱም በእውነት ነው የሚጫወቱት?

ቶሮንቶ ያለሁ የድሬ ልጅ

ደቻቱ፣ እኔ እንዳየሁት ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ እንጂ ጨዋታውን አያላግጡበትም። ብቻውን ሄዶ አስር ጎል ማግባት የሚችል ሰው ነው፣ አላደረገም። በምትኩ ሁላችንም ኳስ እንድንነካ አደረገ። ደካማው ልጃችን ሲሳሳት ደጋግሞ ለሱ ነበር የሚሰጠው፣ ልጁ እስኪለምደው ድረስ። ግብ ጠባቂው ግን ምሕረት የለውም፣ ቀላሏንም ከባዷንም ያወጣል።

አንድ ሌላ ነገር ከሆኪ ልትወስዱ የምትችሉት አለ። ሜዳ ላይ ከደቂቃ በላይ የሚቆይ የለም። እየተቀያየሩ ነው፣ ጨዋታ ሳይቆም ገብቶ መውጣት ይቻላል። ለሃምሳና ለስልሳ ዓመት ሰው ይሄ ጥሩ ነው። አምስት ደቂቃ ተጫውቶ፣ ወጥቶ ውኃ ጠጥቶ፣ ተመልሶ ይግባ። ማንም "ደከመኝ" ብሎ መናገር አይጠበቅበትም።

ፊዚዮ ነኝ

ይሄን እደግፋለሁ፣ በሁለት እጄ። ብዙ የቀድሞ ተጫዋች የሚጎዳው መውጣት ስለሚያፍር ነው። መቀያየሩ ሕግ ከሆነ እፍረቱ ይቀራል።

የባቡር ልጅ

ተቀላቅሎ መጫወቱ መልካም ነው። አንድ አደራ ግን አለኝ። ከጨዋታው በፊት እያንዳንዱ የቀድሞ ተጫዋች በስሙ፣ በተጫወተበት ክለብና በማሊያ ቁጥሩ ይጠራ። በድምፅ ማጉያ። ተመልካቹ ውስጥ ያለ ወጣት "ይሄ ሰፈራችን ያለው ሰውዬ ነው እንዴ?" ይበል። አንዳንዶቹ ስማቸው በሰው ፊት ከተጠራ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። መጫወት የማይችሉትንም አምጧቸው፣ ወንበር ይሰጣቸው።

የከዚራ ልጅ

ጋሼ፣ ይደረጋል። ስሞቹን ለመሰብሰብ እርስዎ ያግዙኝ፣ በውስጥ መስመር ስልኬን ልኬልዎታለሁ።

ከሁላችሁም ሐሳብ ይሄን ይዣለሁ። ቀጣዩ ጨዋታ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፣ እዚሁ ድሬ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሐረር እንወጣለን፣ ጁገል በር ሜዳውን ያመቻቻል። ቡድኖቹ ይቀላቀላሉ። 25 ደቂቃ በ25 ደቂቃ፣ መቀያየር ገደብ የለውም፣ ሸርተቴና በክርን መግፋት ክልክል፣ ሕጉን የጣሰ ሰው ካርድ ሳይጠበቅ ይወጣል። ፊዚዮ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ያሟሙቀናል፣ የደረት መጫኑንም ያሳያል፣ ሴቶችም ወንዶችም። ለተመልካቹ ድንኳን ከእድራችን እንዋሳለን፣ እሙ ሀናን ከሴቶቹ ጋር ተነጋገሪልኝ። የቶሮንቶውን የቃል ኪዳን ገንዘብ ዘዴ ከአሸዋ ገበያ ነጋዴዎች ጋር ተነጋግሬ እመለሳለሁ።

የጎደለን አንድ ዳኛና ሁለት አራጋቢ ነው። ፈቃድ ያለው፣ ወይ ከዚህ በፊት ያጫወተ ሰው ካለ እዚሁ ሥር ይጻፍልኝ። ታኬታ የሌላቸው ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾችም አሉ፣ አንዱ 42 አንዱ 44 ቁጥር ያደርጋል። ያለው ሰው እስከ ሐሙስ ያሳውቀኝ።

ሳቢያን 7 ቁጥር

44 ቁጥር እኔ ጋ አለ። አዲስ ነው፣ ብዙ አልተደረገም። ነገ ማታ ነምበር ዋን አካባቢ ነኝ፣ መጥተህ ውሰደው።